«አላደረግሽም» የማይልሽ የምክር አገልግሎት፦ ባሕር ዳር ውስጥ ለኦሲዲ የተከታተልኩት ሕክምና

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ የምትገኝ አንዲት አነስተኛ የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ለኦሲዲ፣ ማለትም ለአስጨናቂ ሐሳብና ለአስገዳጅ ድርጊት ሕመም፣ የምትሰጠውን አገልግሎት ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ክትትሉ መጨረሻ ድረስ ተጠቅሜበታለሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው በተለይ «አንድ ነገር አድርጌ ረስቼው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ በፍቅር ሕይወታቸው መካከል ገብቶ ዕረፍት ለነሳቸው ሰዎች ነው። ከተማችን ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ስለሆነች፣ ወደዚያ ሕንፃ ሲገባ የታየ ሁሉ ለምን እንደመጣ እንዳይገመት የቢሮዋን ስም አልጠቅስም። አሠራሯን ግን በዝርዝር አስቀምጣለሁ፤ ይህን ሕመም በሚገባ የሚያክም ቦታ ከማያክመው የሚለየው በአሠራሩ ነውና።

ኦሲዲ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው እጁን ደጋግሞ የሚታጠበውን ወይም በሩን መቆለፉን ለማየት ከመንገድ የሚመለሰውን ሰው ነው። የእኔ ግን የመጣው በትዝታ በኩል ነበር። በሥራ ባልደረባዬ ሰርግ፣ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አዳራሽ፣ ከጓደኞቼ ጋር ጠጅ ቀምሼ፣ ጨፍሬ፣ በሰላም ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያችን ሌሊት ያነሳኋት ለጨዋታ ብቻ ነበር። እጮኛዬ ሽማግሌ ሊልክ መወሰኑን በነገረኝ ሰሞን ግን «ከአዳራሹ ጀርባ ከአንድ ሰው ጋር ወጥተሽ አልነበረም ወይ? ተሳስማችሁ አልነበረም ወይ?» የሚል ሐሳብ ድንገት መጣብኝ። በመጀመሪያ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር ግን ግድግዳው ቀለም አወጣ፣ የሰውየው ሸሚዝ ታየኝ፣ የሽቶው ጠረን ሳይቀር አፍንጫዬ ሥር መጣ። የሰርጉን ፎቶዎች በስልኬ እያሰፋሁ በየትኛው ሰዓት የት እንደነበርኩ አሰላ ጀመር፤ ጓደኞቼን በወሬ አስመስዬ እጠይቃለሁ፤ እጮኛዬን ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» እያልኩ አስጨንቀዋለሁ። «አምንሻለሁ» ሲለኝ ልቤ ያርፋል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ጥርጣሬው ይመለሳል።

ወደዚህች ቢሮ ከመምጣቴ በፊት የሄድኩበት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ የተቀበለኝ አማካሪ ዓይኔን ጨፍኜ ያችን ሌሊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳስታውስ አደረገኝ፤ የተደበቀ ነገር ካለ ይወጣል በሚል። የወጣው አዲስ ዝርዝር ነበር፤ ከመቀመጫዬ ስነሳ የሰውየው ድምፅም ተጨምሮልኝ ነበር። ሲሸኘኝ ደግሞ ምናልባት እጮኛዬን ስለማልወደው ይሆናል አለኝ። ስለ ሰርጉ ሌሊት የያዝኩትን ጥርጣሬ ይዤ ገብቼ፣ ስለ ፍቅሬ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ጨምሬ ወጣሁ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ለሌላ ችግር ይጠቅም ይሆናል የሚባል ዘዴ ለዚህ ሕመም ሲውል ምን ያህል እንደሚጎዳ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

አሁን የምገመግመው አገልግሎት የተለየ መሆኑን የተረዳሁት ከመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። ባለሙያዋ የሰርጉን ታሪክ በዝርዝር እንድተርክላቸው አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሐሳቡ ሲመጣብኝ ምን እንደማደርግ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድብኝና ከምን ከምን ሥራ እንዳስቀረኝ ነበር። ከዚያም ዌይን ጉድማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙትን፣ የኦሲዲን ክብደት የሚለካውን የዬል-ብራውን መለኪያ ሠሩልኝ። መለኪያው 10 ጥያቄዎች አሉት፤ አምስቱ ስለ ሐሳቡ፣ አምስቱ ስለ ድርጊቱ ናቸው፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። ከ24 እስከ 31 ያለው እንደ ከባድ ሕመም ይቆጠራል፤ እኔም የተገኘሁት እዚያ ውስጥ ነበር። ቀጥለውም ሕይወቴን ለማጥፋት አስቤ እንደማውቅ፣ በእጮኛዬ በኩል ዛቻ ወይም ዱላ እንዳለ፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ኖሮብኝ እንደሆነ ለብቻ ለብቻ ጠየቁኝ። ይህን ቅደም ተከተል በጣም አከብርላቸዋለሁ፤ ሴት ልጅ ስለ ፍቅረኛዋ ያላት ጥርጣሬ ሁሉ ሕመም አይደለምና፣ እውነተኛ አደጋ አለመኖሩን ሳያጣሩ ወደ ሕክምና መግባት ትልቅ ጥፋት ይሆን ነበር።

በዚያው ቀጠሮ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ እኔም ጠየቅኋቸው። «እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ምን ይመስልዎታል? አድርጌዋለሁ ወይስ አላደረግኩትም?» አልኳቸው።

«እኔ እዚያ ሰርግ ላይ አልነበርኩም» አሉኝ ረጋ ብለው። «ኖሬ ቢሆንና 'አላደረግሽም' ብልሽ እንኳ፣ ነገ 'ካላዩኝስ?' ብለሽ ትመጫለሽ። እዚህ የምንለማመደው ያንን መልስ ሳታገኚ መኖርን ነው፣ እህቴ።»

በሰዓቱ ከፋኝ። ከዚያ ክፍል ያገኘሁት ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ እምቢታ ነው። እናቴም፣ ጓደኞቼም፣ እጮኛዬም ስለሚወዱኝ «አላደረግሽም» ይሉኝ ነበር፤ ፍቅራቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ማጽናኛ ጥርጣሬውን ከላይ ሸፍኖ ሥሩን ያለመልመው ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የሰጡኝ ማብራሪያ የአገልግሎቱ ሌላው ጠንካራ ጎን ነው። ትዝታ ተቀርጾ የተቀመጠ ምስል እንዳልሆነና ባስታወስነው ቁጥር እንደገና እንደሚገነባ፣ ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የመኪና ግጭት ፊልም ለተማሪዎች አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ፤ ለአንዳንዶቹ መኪኖቹ «ተጋጩ» በሚል ለስላሳ ቃል፣ ለሌሎቹ «ተላተሙ» በሚል ጠንካራ ቃል። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስተዋት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ጠንካራውን ቃል የሰሙት ይበልጥ «አዎ፣ አይተናል» አሉ፤ በፊልሙ ውስጥ ግን የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። አንዲት ቃል ይህን ካደረገች፣ እኔ ሌሊት ሙሉ ለራሴ የማቀርበው የምርመራ ጥያቄ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሲነግሩኝ የሽቶው ጠረን ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ይበልጥ የለወጠኝ ግን ማርሴል ቫን ደን ሃውትና ሜሬል ኪንት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሰዎችን በኮምፒውተር ላይ ያለ የጋዝ ምድጃ እያበሩ፣ እያጠፉ፣ መጥፋቱን ደጋግመው እንዲያረጋግጡ አደረጉ፤ ሌሎቹ ደጋግመው የሚያረጋግጡት የአምፖል መብራት ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ምድጃውን አንዴ እንዲያረጋግጡ ተደርጎ ያዩትን ሲጠየቁ፣ በትክክል በማስታወስ ረገድ ሁለቱ ወገኖች ብዙም አልተለያዩም። ምድጃውን ደጋግመው ያረጋገጡት ግን ትዝታቸው ደብዝዞባቸው፣ ዝርዝሩ ጠፍቶባቸው፣ በራሳቸው ማስታወስ ላይ ያላቸው እምነት ወርዶ ተገኘ። ማጣራት ጥርጣሬን እንደሚያበዛ ምክር ሆኖ ቢነገረኝ ኖሮ አላምንም ነበር፤ እንዲህ በሙከራ ሲቀርብልኝ ግን ስልኬን ከፍቼ ፎቶ ማሰፋቴ ምን ሲሠራብኝ እንደቆየ በዓይኔ ያየሁት ያህል ሆነ።

ሕክምናው ራሱ በባለሙያዎች ዘንድ ኢአርፒ የሚባለው ነው፤ የሚያስፈራውን ነገር ሆን ብሎ መጋፈጥ፣ ከዚያም የለመዱትን የማረጋገጥ ድርጊት አለማድረግ ማለት ነው። መነሻው እንግሊዝ አገር ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ሥራ ሲሆን፣ እስካሁንም ለኦሲዲ ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች ግንባር ቀደሙ ነው። በእኔ ላይ የተሠራበት መንገድ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ የምፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰለፍን። ከዚያም አንድ አጭር ጽሑፍ በእጄ ጻፍኩ፤ «ምናልባት ያን ሌሊት አድርጌዋለሁ፤ ምናልባት አላደረግኩትም፤ እርግጡን መቼም ላላውቀው እችላለሁ፤ ሳላውቀውም አገባዋለሁ» ይላል። ጽሑፉን በራሴ ድምፅ በስልኬ ቀድቼ፣ በየቀኑ ማምሻ ላይ በሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እየሰማሁ እሄድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ዘንባባዎቹ ሥር እየቆምኩ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ባለሙያዋ ያስጠነቀቁኝ እየሰማሁ «እውነት አይደለም» እንዳልል፣ እንዳልጸልይበት፣ ለእጮኛዬም እንዳልደውል ነበር፤ ድፍርሱ ሳይነካ በራሱ ጊዜ እንዲጠል መተው ነበረብኝ። ጠለለም፤ ቃሉን እየሰማሁ የዓሣ ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎችን ወሬ መስማት የጀመርኩበት ምሽት መጣ።

ከሁሉ የከበደኝ በውስጥ የሚደረገው ማጣራት ነው። ፎቶ ማየት በእጅ ስለሚደረግ ይታወቃል፤ በአእምሮ ያችን ሌሊት እንደገና ማጫወት ግን ለሰውም አይታይም፣ ለራስም ማሰብ እንጂ ድርጊት አይመስልም። እዚህ ላይ የሰጡኝ ልምምድ የማይረሳኝ ነው፦ ትዕይንቱን እያጫወትኩ ራሴን ስይዘው፣ ልክ ወሳኙ ቦታ ላይ ሳይደርስ አቋርጬ፣ ሳልጨርሰው፣ እየሠራሁት ወደነበረው ሥራ እመለሳለሁ። ሳይጨረስ መቅረቱ እንደ እሾህ ይወጋል፤ ሕክምናውም የሚሠራው ያንን ውጋት ሳያስታግሱ በመቆየት ነው። የሰርጉን ፎቶዎች ላጥፋቸው ብዬ ስጠይቅም እምቢ አሉኝ፤ ማጥፋት ራሱ ሽሽት ስለሆነ ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ እንዲቀመጡ፣ እኔ ግን እንዳላሰፋቸው ተስማማን። ጥር ሲገባም ሌላ ሰርግ ሄጄ እንድጨፍር ታዘዝኩ፤ ቀደም ሲል በየድግሱ አንዲት ጓደኛዬን «ከዓይንሽ እንዳታጠፊኝ» እያልኩ እንደ ምስክር እይዛት ስለነበር፣ በዚህኛው ያለ ምስክር መሄድ የትእዛዙ ዋና ክፍል ነበር።

እጮኛዬ አብሮኝ እንዲገባ የተጋበዘባቸው ቀጠሮዎች በእኔ ግምት ለጥንዶች የዚህ ቢሮ ትልቁ ዋጋ ናቸው። እሱ በየቀኑ የሚሰጠኝ ማጽናኛ የሕመሙ አካል ሆኖ እንደነበር ሲነገረው ደነገጠ።

«ታዲያ እያለቀሰች ዝም ልበላት?» ብሎ ጠየቀ።

«ዝም አትበላት» አሉት። «መልሱን ነው የምትከለክላት እንጂ ራስህን አይደለም። 'ይህ የጥርጣሬው ጥያቄ ነው፤ አልመልስልሽም፤ ግን አብሬሽ እቀመጣለሁ' በላት።»

ይህንን ቃል ሦስታችን ተስማምተን ያዝነው። በአንድ ቀን ሁሉንም መልስ አልቆረጠብኝም፤ መጀመሪያ የማታውን፣ ቀጥሎ በስልክ የምጠይቀውን፣ በመጨረሻም የፊት ለፊቱን አስቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የማነሳው እውነተኛ ጥያቄ ከሆነ አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ ያው ጥያቄ ልብስ ቀይሮ ሲመጣ አይመልስም። ይህ ልዩነት ባይበጅለት ኖሮ «አልመልስልሽም» የሚለው ቃል በመካከላችን ቂም ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ።

ሁለተኛውን ጥርጣሬዬንም፣ «ለመሆኑ እወደዋለሁ?» የሚለውን፣ በዚያው መንገድ ያዙት። በፍቅር ግንኙነት ላይ የሚያተኩረውን የኦሲዲ ዓይነት ጋይ ዶሮን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 መለኪያ አበጅተውለታል፤ በዚህ የተያዘ ሰው ስሜቱን ያለማቋረጥ እየለካ ከሌሎች ጥንዶች ጋር ያወዳድራል። እኔም እጮኛዬ ሲያጎርሰኝ እንኳ ጉርሻውን ሳላጣጥም ልቤ ሞቆ እንደሆነ እፈትሽ ነበር። ፍቅር በፍተሻ ሥር ሲሆን እንደማይሰማ፣ ስሜት ሳይለካ ሲተው ግን በጊዜው እንደሚመላለስ በልምምድ አየሁት።

ስለ እምነት ያላቸውን አያያዝ ለይቼ ማመስገን እፈልጋለሁ። አንዱን ጉዳይ ለንስሐ አባቴ ደጋግሜ እናዘዝ ነበር፤ ጠበልም ሄጃለሁ። ባለሙያዋ ጠበሉንም ንስሐውንም አላቃለሉም፤ ኑዛዜው የተደጋገመው ከንስሐ ይልቅ ለማረጋገጥ መሆኑን ግን እንዳስተውል ረዱኝ፤ በፈቃዴም ጉዳዩን ለአባ ራሴ አስረዳኋቸው። «አንዴ ተናዘሽበታል ልጄ፤ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አትምጪብኝ፤ ለሌላው ሁሉ በሬ ክፍት ነው» አሉኝ። ሐኪምና ካህን እንዲህ ሲደጋገፉ ማየት በከተማችን ለብዙ ሰው መፍትሔ ይሆን ነበር።

ቢሮዋ መድኃኒት አታዝም። ሕመሜ ከባድ ስለነበር ባለሙያዋ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ልከውኝ ፍሉኦክሰቲን ጎን ለጎን ወሰድኩ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ይህ ዓይነት መድኃኒት ለኦሲዲ ውጤቱ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ይላል፤ በራስ ውሳኔ በድንገት አይቋረጥም። ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ሕክምና ስላላቸው፣ ለግል ቢሮ መክፈል የማይችል ሰው በር የለውም ማለት አይደለም።

ጉድለቶቿንም መሸፋፈን አልፈልግም። በመጠበቂያው ክፍልና በምክር ክፍሉ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ሬዲዮ ከፍተው ድምፁን ለመሸፈን ይሞክራሉ፤ ስለ ታማኝነትና ስለ ገላ በሹክሹክታ እንኳ ለማውራት ለሚሳቀቅ ሰው ግን ይህ በቂ አይደለም። መለኪያውና የቤት ሥራው ቅጾች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ባለሙያዋ በቃል እየተረጎሙ ያነቡልኛል፤ ብዙ ያልተማረች እናት ብትመጣ ግን ቅጹን ይዛ ወደ ቤቷ ልትሄድ አትችልም። በአማርኛ ቢዘጋጅ የሚወጣው ወጪ ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ታላቅ ነው፤ ይህንም ነግሬያቸዋለሁ። የማታ ቀጠሮ የለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ በየሳምንቱ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ክፍያው ለደሞዝተኛ ይከብዳል፤ ለጥንዶች ደግሞ ይጨምራል። ቀጠሮ ሲሰረዝ ቀድመው መደወላቸው ግን የሚመሰገን ነው።

በመጨረሻ ያው መለኪያ እንደገና ሲሠራልኝ ውጤቴ ከ8 እስከ 15 ባለው፣ ቀላል በሚባለው ክልል ውስጥ ነበር። ሐሳቡ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ከአዳራሹ ጀርባ ምን እንደነበረ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ተጋብተናል፤ ጥያቄውንም ለባለቤቴ አላነሳበትም። አገልግሎቱን ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ አምስተኛውን ያስቀረሁት በግድግዳውና በቅጾቹ ምክንያት ነው።

በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ቦታ የምትፈልጉ ሰዎች ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት በስልክ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ኢአርፒ የሚሠሩ መሆናቸውን፤ ሁለተኛው፣ «አድርጌዋለሁ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ምን እንደሚሏችሁ። እንድታስታውሱ እንረዳችኋለን ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ግን የግል ቢሮ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በፍቅረኛው እጅ የሚደበደብ ወይም የሚዛትበት ሰውም በመጀመሪያው ቀጠሮ ይህን ለብቻው ሆኖ ለባለሙያዋ ይንገር፤ ጥንዶቹን አብሮ ማስገባት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ እሱም ተገቢ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው።